ልጃችሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ የውጭ ቋንቋ እንዲናገር፦ ከትምህርት ቤት ምርጫ እስከ ፈተና

የግል ትምህርት ቤት ስም ላይ «ኢንተርናሽናል» የሚል ቃል ሲታከል የወላጅ ልብ ይማረካል። ደሴም ኮምቦልቻም ያው ነው። ወላጅ ከሌላው ወጪ ቀንሶ የሚከፍለው ልጁ ቋንቋ እንዲያውቅለት ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ብዙ ቤት የሚሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። «ፈተና ላይ 90 ያመጣል፣ ሰው ሲያናግረው ግን አፉ ይተሳሰራል» ይላሉ።

ቋንቋ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን ቅሬታ ዘወትር እሰማለሁ። መልሴም ሁሌ አንድ ነው። ልጅ ቋንቋ የሚናገረው በራሱ አፍ የተናገረባቸው ሰዓታት ሲጠራቀሙ ነው። ትምህርት ቤት ስትመርጡም፣ ቤት ስታስጠኑም፣ ለፈተና ስታስመዘግቡም መለኪያችሁ ይሄ ይሁን፦ ልጄ ዛሬ ስንት ደቂቃ ተናገረ?

ደረጃ 1፦ ቋንቋውን ለምን እንደምትፈልጉት ለዩ

እንግሊዝኛ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እሱ ሳይጸና ሌላ ቋንቋ መደረብ ልጁን ማድከም ነው። እንግሊዝኛው መልክ ከያዘ በኋላ ግን ሁለተኛ የውጭ ቋንቋ መጨመር ጥሩ ነው። ጥያቄው የትኛውን ነው።

ለወሎ ልጅ አረብኛ ቅርብ ነው። ቁርአን ቤት የገባ ልጅ ፊደሉን ያውቀዋል፣ ድምፆቹንም ከልጅነቱ በአፉ ለምዷቸዋል። ወሎ መንዙማን በአረብኛ ፊደል ሲጽፍ የኖረ አገር ነው። አማርኛችንም ራሱ ከአረብኛ ብዙ ወስዷል፤ «አብሽር» የማይባልበት ቀን የለም። ቋንቋዎቹ ሁለቱም ሴማዊ ስለሆኑ ቤት፣ ዓይን፣ ነፍስ፣ ሞት፣ ሰማይ የመሳሰሉት ቃላት ሲሰሙ ይቀራረባሉ። ነገር ግን ቁርአን መቅራትና አረብኛ መናገር የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አሳምሮ የሚቀራ ልጅ «ገበያ ሄጄ ነበር» ማለት ላይችል ይችላል። ስለዚህ ድምፁና ፊደሉ ስላለው ደስ ይበላችሁ፣ ንግግሩን ግን እንደ አዲስ አስጀምሩት።

በዚህ ላይ ደሴ ውስጥ ብዙ ቤት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች አክስት ወይም እህት አለች። የእሷ አረብኛ የጂዳ ወይም የቤይሩት የሰፈር አረብኛ ነው፣ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ግን መደበኛው ፉስሃ ነው። ይለያያሉ። ቢሆንም እሷን እንዳታልፏት። ለጆሮና ለድፍረት ከእሷ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሰዋስዉንና ጽሕፈቱን ከመጽሐፉ ይማር፣ ወሬውን ከአክስቱ ጋር ያውራ።

ፈረንሳይኛ ከኮምቦልቻ የሚርቅ ይመስላል እንጂ አይርቅም። የጅቡቲ ጭነት በባቲ በኩል ያልፋል፤ የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ደግሞ ፈረንሳይኛና አረብኛ ናቸው። በጭነት አስተላላፊነት፣ በጉምሩክ ሥራ፣ በሎጂስቲክስ የሚሠራ ሰው ፈረንሳይኛ ቢኖረው ይጠቅመዋል። የአፍሪካ ኅብረትም በፈረንሳይኛ ይሠራል። ቻይንኛ የኮምቦልቻ ልጆች የሚጠይቁኝ ቋንቋ ነው። በ2009 ዓ.ም ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ወዲህ ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ መሆን የብዙ ወጣት ሕልም ሆኗል። ጀርመንኛ ጀርመን ሄዶ በነርስነት ወይም በሌላ ሙያ መሥራት ለሚያስብ ይሆናል።

አንዱን ብቻ ምረጡ። ልጁ 3ኛ ክፍል ሆኖ ሁለት አዳዲስ ቋንቋ ባንድ ጊዜ ሲጀምር ደብተሩ ይበዛል እንጂ አፉ አይፈታም።

ደረጃ 2፦ ትምህርት ቤቱን በሚገባ ጠይቁ

ስሙ ላይ «ኢንተርናሽናል» ከተጻፈ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የማንን ሥርዓተ ትምህርት እንደሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ፕሮግራም አለ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በዚያ የሚማር ተማሪ ሁለት ቋንቋ መማር ግዴታው ነው፣ ሁለተኛውን ከዜሮ መጀመርም ይፈቀድለታል። የካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ ደግሞ ሌላው ነው። እሱ አንድን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻ፣ እንደ ሁለተኛ ቋንቋና እንደ ባዕድ ቋንቋ ለያይቶ ይፈትናል። ሁለቱም ድርጅቶች ፈቃድ የሰጧቸውን ትምህርት ቤቶች በድረ ገጻቸው ላይ ስለሚያሳዩ በስልካችሁ ስሙን ፈልጉት። ከሌለ፣ ትምህርት ቤቱ የአገራችንን ሥርዓተ ትምህርት ይዞ ተጨማሪ ቋንቋ የሚሰጥ ነው ማለት ነው። ይህ ነውር የለውም። እንዲያውም በደንብ ከተሠራበት ጥሩ ነው። ብቻ የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ እወቁ።

ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን ወይም የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ እነዚህን ጠይቁ፦

ቋንቋው በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አለው? ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ ይቀመጣል? መምህሩ ቋንቋውን በሙያነት ተምሮት ነው ወይስ አጭር ኮርስ ብቻ ወስዶ? የመጽሐፉ ድምፅ ክፍል ውስጥ ይከፈታል? መምህሩ በየዓመቱ ይቀያየራል?

መልሱ ግን በአፍ ብቻ አይሁን። የአምና ተማሪዎችን ደብተር አሳዩን በሉ። ከሁሉም የበለጠ የሚናገረው ደብተር ነው። ሦስት ልጆች የጻፉት ቃል በቃል አንድ ከሆነ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው። አንዱ ስለ አያቱ፣ ሌላዋ ስለ ሰኞ ገበያ፣ ሦስተኛው ስለ ኳስ ከነስህተታቸው ከጻፉና በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ከተመለሰላቸው ልጁን እዚያ አስመዝግቡ። ስህተት የሞላበት የራሱ ዓረፍተ ነገር፣ ንጹህ ሆኖ ከተገለበጠ ገጽ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ከቻላችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣችሁ ተከታተሉ። ሰዓታችሁን ይዛችሁ የማን ድምፅ እንደሚሰማ ቁጠሩ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። መምህሩ 30 ደቂቃ ካወራ ለ40 ተማሪ 10 ደቂቃ ይቀራል። ለአንድ ልጅ 15 ሰከንድ ይደርሰዋል። በኅብረት «ደግማችሁ በሉ» የሚባለው ንግግር አይደለም፣ ዜማ ነው። መምህሩ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ እርስ በርስ የሚያስጠያይቅ ከሆነ ግን ክፍሉ ቢረብሽም ደስ ይበላችሁ። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ሁሉም እየተናገረ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን በእስክሪብቶ አስሉ

የቋንቋ ችሎታ በአውሮፓ ምክር ቤት መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ ይከፈላል። ቢ1 ላይ የደረሰ ሰው በዕለት ተዕለት ጉዳይ ራሱን ችሎ ይግባባል። ካምብሪጅ ለእንግሊዝኛ በሚሰጠው ግምት ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400 ሰዓት፣ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል።

አሁን የልጃችሁን አስቡ። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢሆን 2 ሰዓት ነው። በዓመት 36 ሳምንት ብንይዝ 72 ሰዓት ይሆናል። በዚህ አካሄድ ቢ1 ለመድረስ ከ5 እስከ 5 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ቤት ውስጥ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን ሲጨመርበት ግን የሳምንቱ 5 ሰዓት፣ የዓመቱ 180 ሰዓት ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚሠራው መምህር ከሚመራው ጋር እኩል ባይቆጠርም እንኳ መንገዱ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ክረምቱን ጨምሩበት። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ዝናቡና ጉሙ ልጅን ቤት የሚያስቀምጥ ወር ነው፣ ቋንቋ ለማጥናት ከዚያ የተመቸ ጊዜ የለም።

ቻይንኛ ለመረጠ ሰው ግን ሰዓቱ ብዙ እጥፍ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ቻይንኛንም አረብኛንም 2200 ሰዓት ይመድባል። ያ ግምት የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው። አረብኛው ለእኛ ከእነሱ ይቀላል ብዬ አምናለሁ፤ የቻይንኛው ፊደል ግን ለማንም አይቀልም።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ጆሮና ምላስ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት ሰዋስው ላይ አታባክኑ። ድምፅ ይቅደም። የተበላሸ ድምፅ ሥር ከሰደደ በኋላ ማቅናት አድካሚ ነው።

እንግሊዝኛ ላይ የእኛ ልጆች የሚቸገሩባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ቃል በሁለት ተነባቢ ሲጀምር ፊቱ ላይ «እ» እንጨምራለን፤ «ስኩል» ያልነው «እስኩል»፣ «ስፖርት» ያልነው «እስፖርት» ይሆናል። ልጁ «ስስስ» ብሎ እንደ እባብ እያፏጨ ይጀምርና ሳያቋርጥ «ኩል» ይበል። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ የሚለዩት በመሃል ባለው አናባቢ ብቻ ነው፤ አንዱ አጭርና ላላ ያለ፣ ሌላው ረጅምና ጠበቅ ያለ ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት ስለማያውቀው ጆሮ መጀመሪያ መስማት አለበት። ቀረጻ ከፍታችሁ «የትኛው ነው? መርከብ ወይስ በግ?» እያላችሁ አጫውቱት።

ፈረንሳይኛ «ኡ» እና «ኢ» መሃል የሚገኝ አናባቢ አለው። ልጁ «ኢ» ይበል። ምላሱን ከዚያ ሳያንቀሳቅስ ከንፈሩን ብቻ «ኡ» እንደሚል ያሾል። ይወጣለታል። የፈረንሳይኛው «ር» ከጉሮሮ ስለሚመጣ ቁርአን ቤት «ገይን» የሚለውን ፊደል የለመደ ልጅ ከሌላው ቀድሞ ይይዘዋል።

አረብኛ ላይ ደግሞ እኛ የያዝነው ጥሩ ስንቅ አለ። ማጥበቅና ማላላት እናውቃለን። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። አረብኛም እንዲሁ ነው፦ «ደረሰ» ላልቶ ሲነበብ «ተማረ»፣ መሃሉ ጠብቆ ሲነበብ «አስተማረ» ይሆናል። ለልጁ ይህን ከአማርኛው ጋር አያይዛችሁ ካሳያችሁት ወዲያው ይገባዋል። የምትጠነቀቁት ለ«ጠ» ነው። የአረብኛው «ጧ» እንደ እኛ «ጠ» አይፈነዳም፣ ወፍራምና ለስለስ ያለ ነው።

ቻይንኛ በቃና ይለያል። «ማ» በአንዱ ቃና እናት፣ በሌላው ፈረስ፣ በሌላው መሳደብ ነው። ስለዚህ ልጁ ቃል ሲይዝ ቃናውን በእጁ በአየር ላይ እየሳለ ይያዘው። ቃናውን ለኋላ ያቆየ ተማሪ ያንኑ ቃል ሁለቴ ይማራል።

የሚሰማ ነገር በነጻ ሞልቷል። ቢቢሲ የ6 ደቂቃ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም አለው። የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ራዲዮ በየቀኑ 10 ደቂቃ ዜና ቀለል ባለ ፈረንሳይኛ ያቀርባል። ዶይቼ ቬለ ጀርመንኛን ከመጀመሪያው ደረጃ አንስቶ በነጻ ያስተምራል። ዋይፋይ ባለበት አውርዱትና ስልክ ላይ ይቀመጥ። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያንን መንገድ በጆሮ ማዳመጫ መሄድ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው።

ደረጃ 5፦ ቃል መያዝ

ቃል በዝርዝር አይሸመደድ። ልጁ ትንንሽ የወረቀት ካርዶች ይቁረጥ። ባንዱ ገጽ ቃሉን ሳይሆን ቃሉ ያለበትን አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በጀርባው ትርጉሙን ይጻፍ። በቀን ከ7 እስከ 10 ካርድ በቂ ነው። ከዚያ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በወሩ ይመለስበት። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ሰው ያጠናውን ቶሎ እንደሚረሳና እያራራቀ ሲደግመው ግን እንደሚጸናለት አሳይቷል። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ ስሌት ይሠራል፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ ነጻ ነው።

የትኛው ቃል ይቅደም? የሚመላለሰው። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚደጋገሙት 2000 ያህል ቃላት ከምናነበው 80 በመቶ አካባቢ ይሸፍናሉ። የአራዊት ስም ሁሉ ከማስሸምደድ «አምጣ፣ ጠብቅ፣ ረሳሁ፣ ይመስለኛል፣ ገና» የሚሉትን ማስያዝ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ቋንቋውን የማታውቁ ወላጆች ማታ የምታደርጉት

«እኛ አንችልም፣ እንዴት እናስጠናው?» የሚለው የብዙ ወላጅ ጭንቀት ነው። ልባችሁን አትጣሉ፣ ሳትችሉም ታስጠናላችሁ። አንዲት የሸዋ በር እናት የምታደርገውን ልንገራችሁ። ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አታውቅም።

ማታ ቡና ሲፈላ ልጇን አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። ስልኳን ቀረጻ ላይ ታደርግና «በል አባ፣ ዛሬ የዋልክበትን በፈረንሳይኛ ንገረኝ» ትለዋለች። ልጁ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ይላል። ከዚያ «አሁን ያንኑ በአማርኛ» ትለዋለች። በአማርኛው ይረዝማል። ሰርቪሱ ጎማ ፈንድቶበት አርፍደው ገቡ፣ ጓደኛው አለቀሰ፣ ምሳ ዕቃው ተደፋ። ያኔ ትይዘዋለች። «የምሳ ዕቃውን በፈረንሳይኛው አላልከውም መሰለኝ። እሱ ምን ይባላል?» ልጁ ያስባል፣ የማያውቀውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ በማግስቱ መምህሩን ይጠይቃል። ማታ ያንን ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። እናቲቱ የምትለካው ሰዋስው አይደለም። ልጁ በአማርኛ ያለውን ሁሉ በሌላው ቋንቋ ማለት ችሏል ወይ የሚለውን ነው። ቀረጻውን በየወሩ አንዴ መልሳችሁ አስሰሙት። ከወር በፊት የተንተባተበበትን ዛሬ አቀላጥፎ ሲለው ራሱ ይሰማዋል፣ ከማንም ሽልማት ይበልጥበታል።

በመሃል ሲሳሳት አታቋርጡት። አባት እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ በየቃሉ ካረመው ልጁ ዝም ማለትን ይለምዳል። ይጨርስ፣ ከዚያ አንድ ስህተት ብቻ መርጣችሁ አርሙለት። በታላቅ ወንድሙ ፊት መሳቅም ክልክል ይሁን። አፉን የዘጋ ልጅ መልሶ እስኪከፍተው ብዙ ያስለፋል።

ደረጃ 7፦ አማርኛውን አታስጥሉት

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለሚያሳዝነኝ ነው። አንዳንድ ቤት ልጁ አማርኛ ሲናገር ይቆጡታል። ወላጆቹ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያናግሩታል። ልጁም ሁለቱም ጎደሎ ይሆኑበታል።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ጂም ከሚንስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስተማረው ነገር ለእኛ በጣም ይጠቅማል። ልጅ በአዲስ ቋንቋ ከጓደኞቹ ጋር ለመጫወት ሁለት ዓመት ገደማ ይበቃዋል። በዚያው ቋንቋ ሳይንስና ታሪክ ለመማር ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ደግሞም በአፍ መፍቻው የገባው ሐሳብ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሻገራል፣ እንደገና አይማረውም። ስለዚህ «እንግሊዝኛው አሪፍ ነው፣ ለምን ሳይንስ ወደቀ?» ብላችሁ አትደናገጡ። ፎቶሲንተሲስን በአማርኛ አስረዱት፣ ተረት በአማርኛ አንብቡለት፣ ለአያቱ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፍ። ያ ሁሉ እንግሊዝኛውን ይረዳዋል።

የቤት ደንብ ካስፈለገ ሰዓት ለዩለት። ማታ 15 ደቂቃ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያ ውጪ ደግሞ እንደልቡ በአማርኛ።

ደረጃ 8፦ መምህሩን አግዙት

ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ ፊርማ ብቻ አታኑሩ። «ልጄ ይህን ዓረፍተ ነገር ማለት ፈልጎ አቃተው» ብላችሁ ጻፉ። ጥሩ መምህር እንዲህ ያለ ወላጅ ሲያገኝ ይተጋል። ስፖክን የሚባሉ ኮርሶች ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊትም እዚያው ክፍል ካሉ ሦስት አራት ልጆች ጋር ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቤት አሰባስቧቸው። ሕጉ አንድ ነው፣ ለአንድ ሰዓት አማርኛ የለም። ጨዋታውን ራሳቸው ይፈጥሩታል።

ደረጃ 9፦ ፈተናውን በጊዜው

የሪፖርት ካርድ ውጤት ከዚህ አልፎ አይሄድም። ልጁ ወደ 11ኛና 12ኛ ሲጠጋ የታወቀ የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ለፈረንሳይኛ ዴልፍ፣ ለጀርመንኛ የጎተ ፈተና፣ ለቻይንኛ ኤችኤስኬ፣ ለእንግሊዝኛ አይልትስ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ የጎተ ተቋምና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኮንፊሽየስ ተቋም አሉላችሁ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደውላችሁ የፈተናውን ቀን ሳታረጋግጡ አትሳፈሩ።

ዴልፍ ከ100 ይታረማል፣ ማለፊያው 50 ነው፤ ግን ከአራቱ ክፍሎች በአንዱም ከ25 ከ5 በታች ማምጣት ያስጥላል። መናገር አንዱ ክፍል ስለሆነ ደብተር ብቻ የሞላ ልጅ እዚያ ይወድቃል። የአይልትስ ንግግር ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። ኤችኤስኬ ለዓመታት በተሠራበት አከፋፈል አንደኛው ደረጃ 150፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 600 ቃላት ይጠይቃል፤ ንግግሩ ግን ኤችኤስኬኬ በሚባል ሌላ ፈተና ነው የሚሰጠው። ፋብሪካ ውስጥ ማስተርጎም የሚያስብ ልጅ ሁለቱንም ይውሰድ።

ጊዜውንም አስቡበት። ዴልፍ አያረጅም፣ አንዴ ያለፈ አለፈ። አይልትስ ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ለ2 ዓመት ነው። 10ኛ ክፍል እያለ ብታስፈትኑት ማመልከቻው ሲደርስ ጊዜው ያልፍበታልና አይልትሱን ለ12ኛ ክፍል አቆዩት፣ ዴልፉን ግን ልጁ በተዘጋጀ ጊዜ ያስፈትኑት።